«በነጻ ነው» ስለሚባለው ሕክምና

በቋንቋችን ውስጥ «ነጻ» እንደሚለው ቃል ልብን ደስ የሚያሰኝ ጥቂት ነው። ነጻ ሰው፣ ነጻ አገር፣ ነጻ ኅሊና እያልን በክብር እንጠራዋለን። ይኸው መልካም ቃል ከገንዘብ ጋር በተጠጋ ጊዜ ግን ሐሰተኛ ምስክር ሆኖ ሲቆም በዕድሜዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አንደኛው ምስክርነቱ ነው።

ባለፈው ዓመት ከአስከተማ ብዙም በማይርቅ በአንድ ቀበሌ ለቅሶ ደርሼ ነበር። የሞተው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። በልጅነቱ አስተምሬዋለሁ፤ በሒሳብ ፈጣን፣ በጽሕፈት ሰነፍ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ። በድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲታደል ከጐኔ የተቀመጠ ሌላ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጎልማሳ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መምህር፣ ይህ ልጅ እኮ የሚሞት አልነበረም። መድኃኒቱ የሚሰጠው በነጻ ነው። ጠበል ለጠበል ሲያመላልሱት ገደሉት። ያለማወቅ ነገር ነው» አለኝ።

ለቅሶ ቤት የክርክር ቦታ አይደለምና ዝም አልሁ። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠቱ እውነት ነው። ልጁ ያንን መድኃኒት ሳያገኝ መሞቱም እውነት ነው። እነዚህ ሁለት እውነቶች ባንድነት እንዴት ሊቆሙ ቻሉ? ተማሪዬ በመካከላቸው የዘረጋው ድልድይ «ያለማወቅ» የሚለውን ቃል ነው። እኔ ግን ድልድዩ የበሰበሰ ነው እላለሁ። ከመበስበሱም በላይ ክፉ ነው፤ የሞተውን ሰው ለገዛ ሞቱ ተጠያቂ አድርጎ እኛን ሁላችንን ከክስ ያወጣናልና።

አስቀድሜ ስለ በሽታው ጥቂት ልናገር። ካላ አዛር ይባላል። ስሙ ከህንድ አገር የመጣ ሲሆን «ጥቁር ትኩሳት» እንደ ማለት ነው። ሌይሽማንና ዶኖቫን የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1903 በህንድ አገር በታመሙ ሰዎች ጣፊያ ውስጥ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው ያገኙት ጥቃቅን ተሐዋሲ ነው በሽታውን የሚያመጣው። ተሐዋሲውን ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው የአሸዋ ዝንብ ናት። ይህች ፍጥረት ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት፣ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ጥላ ሥር ውላ በሌሊት የምትናከስ ናት። የተያዘው ሰው ወዲያው አይታመምም፤ ብዙ ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ወር ያልፋል። ከዚያ በኋላ የማይለቅ ትኩሳት ይጀምረዋል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ደሙ ያንሳል፤ አፍንጫው ይነስራል። ካልታከመ ከመቶ ታማሚ ከዘጠና አምስት የሚበልጠው ይሞታል። ከታከመ ግን አብዛኛው ይድናል። እንግዲህ በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ሕክምናው ብቻ ነው ማለት ነው።

በእኛ በጋዝጊብላ ደጋ ይህ በሽታ ብርቅ ነው። «ብርቅ» የሚለውን ቃል ለወርቅና ለወዳጅ ስንሰጠው ክብር ነው፤ ለበሽታ ስንሰጠው ግን እርግማን ይሆናል። ብርቅ በሽታ የያዘው ሰው ሐኪሙ አያውቀውም፤ ጎረቤቱ አይቶት አያውቅም፤ መድኃኒቱ በአጠገቡ አይቀመጥለትም። የበሽታው ቤት መተማና ሑመራ ነው። መሬታችን ድንጋይ፣ ዝናማችን ቁጡ ስለ ሆነ ወጣቶቻችን ለሰሊጥ አረምና ለአጨዳ ወደዚያ ቆላ ይወርዳሉ። ሌሊቱን በእርሻው ውስጥ ከግራር ሥር ያለ አጎበር ያድራሉ። ገንዘብ ይዘው ይመለሳሉ፤ ጥቂቶቹም ከገንዘቡ ጋር ትኩሳቱን ይዘው ይመጣሉ።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪያችን አንድ የሚደጋግሙት ነገር ነበራቸው። ወጪ በመዝገብ ባይገባም ከኪስ መውጣቱ አይቀርም ይሉን ነበር። ልጁ በሞተ በአርባው ማግስት ደብተርና እርሳስ ይዤ ወደ አባቱ ቤት ሄድሁ። ሽማግሌው አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንጛ ስለ ሆነ አማርኛ ብዙም አይቀናቸውም። ታናሽ ልጃቸው እያስተረጐመ ነገሩን ከሥሩ ነገሩኝ፤ እኔም መዘገብሁ።

ልጁ ሐምሌ ላይ ወደ መተማ ወርዶ ኅዳር ላይ ተመለሰ። ጥር ሲገባ አተኰሰው። ጤና ኬላ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ ወባ ነው ተብሎ ኪኒን ተሰጠው። ከቆላ የመጣ ሰው ወባ ነው ቢባል ማን ይደነቃል? ትኩሳቱ ሁለት ቀን ጋብ ብሎ ተመለሰ። ዳግመኛ ሄደ፤ ታይፎይድ ተባለ። በሦስተኛው ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዶ ሰባት ቀን መርፌ ተወጋ። ከሰሊጡ ያመጣው ገንዘብ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የሳንባ ነቀርሳ ይሆናል ተብሎ አክታው ተመረመረ፤ አልተገኘበትም፤ ለዚህም ምልልስ ሁለት ፍየሎች ተሸጡ። የግራ ጐኑ እየጠጠረ ሲሄድ አንዲት አሮጊት «ይህ ጣፊያ ነው» ብለው በጋለ ብረት ተኰሱት። (አሮጊቷ የታመመውን ብልት ከተማሩት ሁሉ ቀድመው በስሙ መጥራታቸውን ልብ በሉልኝ፤ መተኰሳቸውን ግን አላመሰግንም።) ከዚያም ጠበል ገብቶ ሁለት ሳምንት ቆየ።

በሚያዝያ መጨረሻ አቅሙ ስለ ተሟጠጠ ስምንት ጎረምሶች እየተፈራረቁ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አንድ ሐኪም ቤት አደረሱት። ለተሸካሚዎቹ እንጀራና ጠላ የቀረበው ከጎረቤት በብድር ነው። እዚያ አንድ ወጣት ነርስ ሌላው ሁሉ ያልጠየቀውን ጠየቀ፤ «ሥራ ሄደህ ነበር? የት ነበርህ?» አለው። ከጣቱ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ በትንሽ መመርመሪያ ላይ ተንጠባጠበ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የአራት ወሩ እንቆቅልሽ ተፈታ። «ጎንደር ውሰዱት፤ ሕክምናው በነጻ ነው» ተባሉ።

ከእኛ አገር ተነሥቶ ጎንደር ለመድረስ ላሊበላን፣ ጋሸናን፣ ደብረ ታቦርን፣ ወረታንና አዲስ ዘመንን ማለፍ ነው። ለዚህ መንገድ አንዱ በሬ ለሽያጭ ታሰበ። የገበያው ቀን እስኪደርስ አራት ቀን ተጠበቀ። በዚያ ሳምንት በክልላችን በነበረው ግጭት ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ ነጋዴ ስላልመጣ በሬው በግማሽ ዋጋ ሄደ። መኪና እስኪገኝ ደግሞ ሦስት ቀን አለፈ። ልጁ በሦስተኛው ሌሊት ሞተ። የበሬው ገንዘብ በመሐረብ እንደ ታሰረ በአባቱ ኪስ ውስጥ ነበረ፤ ለተዝካሩ ዋለ።

አሁን ደብተሬን እመለከታለሁ። ለማያድን ኪኒን፣ ለማያድን መርፌ፣ ለማያስፈልግ ምርመራ፣ ለመኪና፣ ለማደሪያ፣ ለተሸካሚ፣ ለወለድ፤ በየአንዳንዱ ፊት ቁጥር አለ። ለካላ አዛር መድኃኒት በሚለው ፊት ግን ባዶ ነው። ተማሪዬ የተናገረው ስለዚህች ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። ከላይዋ የተደረደረውን አላነበበውም።

ደርሶ ቢሆንስ ኖሮ? በአገራችን የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶችን 17 ቀን በየቀኑ መወጋት ነው። 34 መርፌ ይሆናል። የመጀመሪያው መድኃኒት ልብንና ቆሽትን ሊጐዳ ስለሚችል ሐኪም በቅርብ ሊጠብቀው ይገባል፤ ስለዚህ ታማሚው ቤቱ ሆኖ ልታከም ቢል አይሆንለትም። እጅግ ለደከመው፣ ለነፍሰ ጡርና ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው የሚሰጠው አምቢዞም የሚባል ሌላ መድኃኒት ነው። እሺ፣ አልጋውም መርፌውም በነጻ ይሁን። ታማሚውን ደግፎ ወደ መጸዳጃ የሚወስደው፣ ኽምጣንጛውን ወደ አማርኛ የሚመልስለት ወንድሙስ የት ያድራል? ምን ይበላል? ወሩ ግንቦት ነው፤ የእርሻ ወቅት ነው። ወንድሙ ጎንደር ሲቀመጥ ማሳው ጦም ያድራል፤ ወይም ለእኩል አራሽ ይሰጥና የዓመቱ ገብስ ግማሹ ለሌላ ይሆናል። ይህን የሐኪም ቤት መዝገብ አያውቀውም፤ ጎተራው ግን ያውቀዋል።

ስለ ጠበሉ ደግሞ እውነቱን መናገር ይገባኛል። የተማርን ሰዎች ገበሬውን ለመውቀስ በፈለግን ቁጥር ጠበልን እንደ ዱላ እናነሣለን። እኔ የሕክምና ወዳጅ ነኝ፤ የታመመ ሁሉ ሐኪም ዘንድ እንዲደርስ እሻለሁ። ነገር ግን በጠበሉና በሐኪም ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ሁለቱን አመዛዝኜ አውቃለሁ። ጠበሉ ዘንድ ካርድ አውጣ፣ ነገ ተመለስ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ የሪፈር ወረቀትህ የታለ የሚል የለም። አስታማሚው ከታማሚው ጐን ያድራል። ቆሎና በሶ ይዞ ለመጣ ሰው ወጪው ከመነሣቱ በፊት የታወቀ ነው። ድኻ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ትልቁን ወጪ አይደለም፤ መጨረሻው የማይታወቀውን ወጪ ነው። ያ አባት ልጁን ወደ ጠበል የወሰደው ከአራት የሕክምና ምልልስ በኋላ መሆኑን አትርሱ። ሕክምናን ንቆ ሳይሆን ሕክምናን ከፍሎ ከፍሎ ከደከመ በኋላ ነው። ታዲያ ያላወቀው ማን ነው? እርሱ ነው ወይስ አራት ጊዜ ገንዘቡን ተቀብሎ በሽታውን ያላወቀለት?

የጤና ባለሙያዎቻችንን ለመስደብ አልተነሣሁም። አንድ ነርስ በቀን ብዙ ትኩሳት ያያል፤ ካላ አዛር በዓመት አንዴ ቢመጣበት ነው። ያላየውን ነገር እንዴት ይጠርጥር? የምከስሰው ሌላ ነው። ወጣቶቻችን በየዓመቱ የት እንደሚወርዱ ሁላችንም እያወቅን «ቆላ ወርደህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከእያንዳንዱ የጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ አለመጻፉን፣ የዚያች የጣት ደም መመርመሪያም በቅርብ አለመቀመጧን ነው።

አንድ የማከብረው ክርክር አለ፤ ሳልመልስለት አላልፍም። «ገንዘባችን ትንሽ ነው፤ ወባው፣ ወላዷ፣ የሕፃናቱ ረኃብ እያለ ለጥቂት ሰዎች ብርቅ በሽታ እንዴት እናፍስሰው?» የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። እኔም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ለጋ ወጣት ስለ ነበርሁ ጥቂት እህል ለብዙ አፍ ማካፈል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እነዚህ ቅን ሰዎች ሒሳቡን ከመካከል ይጀምራሉ። ለብርቁ በሽታ ገንዘብ አናወጣም ይበሉ እንጂ ገንዘቡ እኮ ወጥቷል! ያ ልጅ የወባውን ኪኒን በልቷል፤ የታይፎይዱን መድኃኒት ወስዷል፤ የነቀርሳውን ላቦራቶሪ ይዟል፤ የነርሶቹን ሰዓት ፈጅቷል። ለብዙኃኑ የተቀመጠውን ሀብት አራት ጊዜ ያለ ጥቅም አባክኖ ሞተ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት መመርመሪያ ብትገኝለት ኖሮ ወባውም ነቀርሳውም ለባለቤቶቻቸው ይተርፉ ነበር።

ሁለተኛም፣ ብርቅ በሽታ ሁልጊዜ ብርቅ ሆኖ አይኖርም። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም፤ ወደ ጎንደር ስንጓዝ የምናልፈው ሊቦ ከምከም ይበቃል። ሊቦ ከምከም ደጋ ነው፤ ሰዎቹም እንደ እኛ ወደ ሑመራና መተማ ለቀን ሥራ የሚወርዱ ናቸው። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እዚያ ሰው በማይለቅ ትኩሳት ይሞት ጀመር። መድኃኒት የማይመልሰው ወባ ነው ተባለ። ካላ አዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን ማከም ጀመሩ። እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ በሊቦ ከምከምና በፎገራ 2,450 ታማሚዎችና 120 ሞቶች ተመዘገቡ። ያልተመዘገበውን የቀበሩት ያውቁታል። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደ መጡ ይታመናል። «ለጥቂት ሰው አናወጣም» የተባለው ጥቂት፣ ሁለት ሺህ ተኩል ገደማ ሆኖ መጣ። ከጋዝጊብላ ሰው ከሊቦ ሰው በምን ይለያል?

ወደ «ነጻ» ልመለስ፤ መድኃኒቱ ራሱ በእውነት በነጻ የመጣ አይደለም፤ የተለገሰ ነው። በ2004 ዓ.ም. ጊልያድ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር ተዋውሎ 445,000 ብልቃጥ አምቢዞም በአምስት ዓመት ሊለግስ ቃል ገባ፤ ውሉም ከዚያ በኋላ ታድሷል። ምስጋና ይገባዋል። ግን የሚለግስ እጅ ያጥፋልም። በ2013 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በቀነሰ ጊዜ ካላ አዛርን ጨምሮ የተዘነጉ በሽታዎችን ይረዳ የነበረው «አሴንድ» የተባለው ሥራ ተቋረጠ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅቱን ዘጋ። ደሙ የማይረጋለት የሄሞፊሊያ ሕፃንም በአዲስ አበባ ያው ነው፤ የሚያድነው መድኃኒት በአብዛኛው ከዓለም ሄሞፊሊያ ማኅበር በልግስና የሚመጣ ነው። ብርቅ በሽታ ያለበት ሰው ሕይወቱ በማያውቀው ሰው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥላለች። ይህን «ነጻ» ብሎ መጥራት ለማኝን ባለጸጋ ብሎ እንደ መጥራት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ባለዕዳ ተደብቆ ተቀምጧል፤ ስሙ ሰሊጥ ነው። የመተማና የሑመራ ሰሊጥ ወደ ቻይና፣ ወደ እስራኤልና ወደ ሌሎች አገሮች ተጭኖ የውጭ ምንዛሪ ያስገባል። ባለእርሻው ያተርፋል፤ ላኪው ያተርፋል፤ መንግሥትም ቀረጡን ያገኛል። ያንን ሰሊጥ ያረመው ልጅ በእርሻው መካከል ተነድፎ ሲታመም ግን የበሽታው ወጪ ከሰሊጡ ዋጋ ላይ አይነሣም፤ ከጋዝጊብላ ሁለት ፍየልና ከአንድ በሬ ላይ ይነሣል። የማሽኑን ነዳጅ የሚከፍለው ባለእርሻው ነው። የማሽኑን መለዋወጫ የሚገዛው እርሱ ነው። ሰው ሲበላሽ ግን ለምን ወላጅ እንዲጠግን ይላካል? ለአንድ ሠራተኛ አንድ መድኃኒት የተነከረ አጎበርና ከግራሩ የራቀ የመኝታ ዳስ መስጠት ባለእርሻውን አያደኸየውም። ሠራተኛው ታምሞ ቢገኝ የጎንደር መሳፈሪያውን ሕግ ቢያስከፍለውም ግፍ አይሆንም።

«የጤና መድን ወጥቷል እኮ» ትሉኝ ይሆናል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ዛሬ በአገሪቱ ሰፍቷል፤ ደግ ሥራ ነው፤ እኔም መዋጮዬን በየዓመቱ እከፍላለሁ። የሚሸፍነው ግን በሐኪም ቤቱ ደጃፍ ውስጥ ያለውን ነው። የእኛ ሰው የሚሞተው ደጃፉ ላይ ሳይደርስ ነው። በ1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ እህል በነጻ ይታደል ነበር። ከዋግ ተነሥቶ ወደ ኮረም ሲሄድ መንገድ የቀረው ሰው የሞተው በእህል እጦት ነው ወይስ በመንገድ? የሰቆጣን ስም የያዘ ታላቅ ቃል ኪዳንም አለ፤ በ2007 ዓ.ም. የታወጀ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባ ነው። ከተማችን ስሟን ለቃል ኪዳን ማዋሷ ያኰራኛል። የደጋው ልጅ መቀንጨሩን ተሻግሮ ለሃያ ዓመቱ ከደረሰ በኋላ ስለሚገጥመው ግን ቃል የገባልን የለም።

ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነው እንዳትሉ፣ ስሙ ከተወለደበት ወገን ምሳሌ ላምጣ። ካላ አዛር ለዘመናት የህንድ፣ የኔፓልና የባንግላዴሽ መቅሠፍት ነበረ። ሦስቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2005 ሊያጠፉት ተስማሙ። መመርመሪያውን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አወረዱ፤ ቤት ለቤት ትኩሳት ያለበትን ፈለጉ፤ የዝንቢቱን መደበቂያ በመድኃኒት ረጩ። ሕክምናውንም በአንድ ቀን ወደሚያልቅ መድኃኒት ለወጡ። (በእኛ በምሥራቅ አፍሪካ የአንድ ቀኑ ብቻውን አልበቃም፤ ሆኖም በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ ተፈትኖ በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመው የ14 ቀን ሕክምና ከመቶ 91 ያህሉን አድኗል፤ በቀን አንድ መርፌና የሚዋጥ ኪኒን ብቻ ነው።) እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የዓለም የጤና ድርጅት ካላ አዛር በባንግላዴሽ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ አረጋገጠላት፤ በዓለምም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ባንግላዴሽ እኮ ባለጸጋ አገር አይደለችም።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ የነካኝ የህንድ ሥራ ነው። በህንድ አገር የካላ አዛር ታማሚ ታክሞ ሲጨርስ ሥራ ለፈታባቸው ቀኖች ማካካሻ ገንዘብ ይሰጠዋል። ገንዘቡ ብዙ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ መንግሥት በመዝገቡ ላይ «ይህ ሰው በመታከሙ የቀን ሥራውን አጥቷል» ብሎ ጻፈ ማለት ነው። የሒሳብ አስተማሪዬ በሕይወት ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገ ነርስ ትሆናለህ፤ ወይም የወረዳ ሹም፣ ወይም የመድን ጸሐፊ፣ ወይም በቆላ የእርሻ ባለቤት ትሆናለህ። ለአንተ የምለው ይህ ነው፦ «በነጻ ነው» የሚለውን ቃል ከአፍህ ከማውጣትህ በፊት መንገዱን፣ እንጀራውን፣ አስታማሚውን፣ የታረሰውንና ያልታረሰውን ማሳ ደምር። ለጎንደር መሳፈሪያና ለአስታማሚ ስንቅ የሚሆን ገንዘብ በወረዳው በጀት ውስጥ አንድ መስመር ይኑረው። ከሁለት ሳምንት የበለጠ ትኩሳት ኖሮት ቆላ የወረደ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በዚያች መመርመሪያ ይመርመር። ለዓመት ጥቂት ሰው ነውና ወጪው ትንሽ ነው፤ ብርቅነቱ ለአንድ ጊዜ እንኳ ይጥቀመን።

በለቅሶ ቤት ያነጋገረኝን ተማሪዬን አልጠላሁትም። ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት አነበብሁለት። «መምህር፣ እኔ ያልሁት መድኃኒቱን ነው» አለኝ። «እኔም ያልሁት በሬውን ነው» አልሁት። ብዙ ዝም አለ። በሳምንቱ ሰው ልኮ የደብተሬን ቅጂ ጠየቀኝ፤ ለአለቃው ሊያሳይ ነው መሰለኝ።

ያ ያስተረጐመልኝ ታናሽ ወንድም በዚህ ሐምሌ ወደ መተማ ሊወርድ ተነሣ። አባቱ አልከለከሉትም፤ በምን አፋቸው ይከልክሉት? በሬው ተሽጧል፤ የፍየሉም ዕዳ አልተከፈለም። በመነሻው ዋዜማ ቤቴ መጣ። አንድ አጎበር ሰጠሁት። ከግራሩ ሥር እንዳይተኛ ነገርሁት፤ «ሌላ ጥላ የለም እኮ» አለኝ። ከደብተሬ አንድ ቅጠል ቀድጄ በትልልቅ ፊደል «ይህ ልጅ መተማ ሠርቷል። ሁለት ሳምንት ካተኰሰው ካላ አዛር መርምሩት» ብዬ ጻፍሁና ከመታወቂያው ጋር እንዲያኖረው አጥፌ ሰጠሁት።